የተዋጠው ስም

ሬዲዮ ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኛ ጣቢያ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለ ሦስት ክፍል ነው። ሐኪሙ መቦርቦሪያውን ሲያስነሳ ግድግዳችን ይነዝራል፤ አድማጭም ወዲያው ደውሎ «ኧረ ያ የሚንጫረረው ነገር ምንድን ነው?» ይለናል። ጠዋት የውሃ መቋረጥ፣ የጠፋ ጃንጥላና የመንገድ ጉድጓድ እናወራለን። ረፋዱ ላይ ፖለቲካ ነው። ከዚያ ኪነ ጥበብ ይከተላል፤ ማለትም አንድ ገጣሚ ይመጣና ግጥሙ አላልቅ ብሎ ዜናውን ይገፋብናል።

እኔ የድምፅ ባለሙያዋ ነኝ። ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ፣ ዘፈን አስገባለሁ፣ ድምፅ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ማፈኛዋ የኔ ናት። ማፈኛዋ የምንላት ጠረጴዛዬ ላይ ያለች ቀይ መጫኛ ናት። አድማጭ «ቀጥታ ስርጭት» ሲባል እውነት ይመስለዋል እንጂ ደዋይ የተናገረው ሕዝቡ ጆሮ የሚደርሰው ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በዚያች መሃል ስድብ ከሰማሁ፣ ወይም ባልተጣራ ክስ ላይ የሰው ስም ከተጠራ፣ ማፈኛዋን እጫናለሁ። ቃሉ ይዋጥና ሕዝቡ «ጢጢጥ» የምትል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኛ ጋ ግን ከአፍ ወጥቶም አፋፍ ሳይደርስ የሚያዝ ነገር አለ።

የማፈኛዋን ሕግ ያወጣው የፕሮግራሙ አዘጋጅ ነው። ከተማው «ማር ምላስ» ይለዋል፤ እኔም እንዲያው ልበለው። ሕጉ የታፈነ ቃል ከድምፅ ክፍሏ አይወጣም ይላል። ያፈነ ሰው ለቤተሰቡም ለአለቃውም አይናገርም። ደግ ሕግ ነው፤ እሱ ባይኖር መንገድ ላይ እያስቆመ «ትናንት ማን ተባለ?» የማይለኝ አይገኝም ነበር። ማር ምላስ ሰው ሁሉ የሚወደው ባለ ጥሩ አንደበት ነው፤ አንድ ክፉ አመል ግን አለው። ደዋይ ነገር ካስረዘመበት ማዳመጫውን አውልቆ ሻዩን ይጠጣል፣ ወይም ከእንግዳው ጋር ይንሾካሾካል። «ሲጨርሱ ጥቀሺኝ» ይለኛል፤ እኔም በመስታወቱ በኩል እጄን አወዛውዝለታለሁ።

የሰሞኑ ወሬ የሕዝብ አዳራሹ መብራት ነበር። የቲያትር ቡድኑ ስንት ደጅ ጠንቶ ያገኛቸው የመድረክ መብራቶች ሰኞ ጠዋት ከተሰቀሉበት ጠፉ። በር አልተሰበረም፣ መስኮት አልተነካም። የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጋሽ መጋረጃ ናቸው፤ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚኖሩ፣ አዳራሹን የሚጠርጉ፣ ቲያትር ሲኖር መጋረጃ የሚስቡ አዛውንት። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሌላው የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ለምክር ቤት የሚወዳደር፣ በሄደበት ሁሉ እጅ የሚጨበጥ ሰው። ሰብሳቢው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜን ካላወቃችሁት ልንገራችሁ። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። እናታችን ሥራ ስትውል ፀጉሬን የሚያበጥረው፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጄን ይዞ የሚያደርሰው እሱ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ «በርቺ» ማለቱ ነው። እስከ ዛሬ ጋሽዬ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

ስለ መብራቶቹ ስልክ የከፈትን ቀን አንዲት ሴት ደወሉ። «እማማ፣ ሬዲዮውን ይቀንሱት» አልኩና አስገባኋቸው። ሴትዮዋ ዳር ዳሩን ሲዞሩ ማር ምላስ ማዳመጫውን አወለቀ። ከዚያ ድንገት ድምፃቸው ጠነከረ። «መኪና ላይ ሲጭን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ሁላችሁም የምታከብሩት፣ አዳራሹ እንደ ቤቱ የሆነ ሰው ነው» አሉና የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠሩት። የአባቱ ስም የኔም የአባቴ ስም ነው። እኔ ተጫንኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ መጫኔ ጥፋት አልነበረም። የማንም ስም ቢጠራ እጫን ነበር፤ ሥራዬ ነው። ግን ስጫን ስለ ሕጉ አላሰብኩም። በልቤ ያለችው «ጋሽዬ» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበረች።

ማር ምላስ ስርጭቱ ሲያልቅ ወደኔ ክፍል ዘልቆ «ማንን ነው ያሉት ሴትዮዋ?» አለኝ።

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ» አልኩት።

«ጎሽ የኔ እህት! ጣትሽ ይባረክ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ከክስ ነው ያዳንሽን።»

ያን ቀን ቢሮው ሁሉ አመሰገነኝ። ተቀባይዋ ሳትቀር ሻይ አመጣችልኝ።

ለካ ያፈንኩት ስሙን ብቻ ነው። ከስሙ በፊት የተባለው ሁሉ ወጥቷል። ከተማው ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያገኝ አይተውም፤ ጢጢጧን በራሱ ሞላት። ቁልፍ ያለው፣ የሚከበር፣ አዳራሹ እንደ ቤቱ የሆነ ማን ነው? አዳራሹ ውስጥ የሚያድሩት ሰውዬ ናቸዋ! በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሳልፍ አንዱ «እኔ ድሮም ዝምተኛ ሰው እፈራለሁ» ሲል ሰማሁት። የቲያትር ቡድኑ ልጆች ሰላምታ ነፈጓቸው። እነዚያ ልጆች መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋባቸው ከመጋረጃ ጀርባ እያንሾካሾኩ የሚያስታውሷቸው እኚህ ሰው ነበሩ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ እስከ ቅዳሜ ክፍሏን ለቀው እንዲወጡ ወሰነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ውሳኔውን የሰማሁ ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽዬ ቤት ሄድኩ። ሸሚዝ ሲተኩስ አገኘሁት። ሚስት እያለችው ሸሚዙን ለማንም አይሰጥም፤ የኔን ዩኒፎርም ሲተኩስ የለመደው ነው።

«መብራቶቹን የወሰድከው አንተ ነህ?» አልኩት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

ካውያውን ቀስ ብሎ አቆመው። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ደዋይዋ። ያፈንኩት ስም ያንተ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መካድ አልሞከረም፤ እሱ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም። አንድ ትልቅ ነጋዴ ለልጁ ሰርግ መብራት ለምኖት ኖሯል። ነጋዴው ደግሞ ሰፈር ሙሉ መራጭ የሚሰማው ሰው ነው። «ለአንድ ቀን ነበር እኮ» አለኝ። «ሰኞ ሰው ሳይገባ መልሼ ልሰቅላቸው። ድግሱ ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናቡ ወረደና ሁሉም ተቃጠሉ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ምርጫው ይለፍና እናገራለሁ። አሁን ብናገር ሌባ ነው የምባለው።»

«አሁንም ሌባ የተባለ ሰው አለ፣ ጋሽዬ።»

«አውቃለሁ» አለ ወደ መሬት እያየ። «እንቅልፍ የወሰደኝ መሰለሽ? ካሸነፍኩ ክፍላቸውን እመልሳለሁ፤ አዲስ መብራትም አስገባለሁ። ጥቂት ቀን ነው። ሰውዬው እንደሆነ ዕድሜ ልካቸውን ስንቱን ችለዋል።»

ይችን ሲል ብድግ ብዬ ጆሮው ላይ መጮህ ነበረብኝ። ስለቻሉ ይጨመርባቸው ወይ ልለው ይገባኝ ነበር። እኔ ሴትዮ፣ በረባ ባልረባው ከታክሲ ረዳት ጋር የምጨቃጨቅ፣ ለገጣሚው እንኳ «ይበቃሃል» የምል፣ አፌ ተለጎመ። ካውያው ይቀዘቅዛል ብዬ ተነሳሁና የቀረውን እጅጌ እኔው ተኮስኩለት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ እኛ እንኳ ዥንጉርጉር አልሆንንም። እሱ ወሰደ፣ እኔ ደበቅኩ።

ሐሙስ ቀን ብርቱካን ገዝቼ ጋሽ መጋረጃ ዘንድ ሄድኩ። ሰው ገድሎ ለቅሶ እንደ መድረስ ነው፤ ግን ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አዳራሹ ጨለምለም ብሎ፣ እሳቸው መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የመጋረጃውን ጫፍ በመርፌ ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ ሊያስወጡዎት እኮ ነው፤ ምን ይጠግናሉ?» አልኳቸው።

«ተቀዶ ባስረክብ ደግሞ ቀደደው ይሉኛል» አሉና ሳቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ልብሳቸው በሁለት ፌስታል ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። የት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። «እሱን እንኳ አላወቅሁም» አሉ። ጥቂት ሰፉና «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኔው መቃብሩንም አልጠበቀ» አሉ። ምሬት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ብርቱካኑን ሲቀበሉ መርቀውኝ፣ በዚያው ወንድሜንም ደርበው መረቁት። «ሰብሳቢያችን ጨዋ ልጅ ነው፤ በፖሊስ አላስያዘኝም» አሉኝ። እኔ ሰው ነኝ እንዴ? እዚያው መናገር አቅቶኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ከስርጭት በፊት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት፤ እኚያ ደዋይ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ስሙን ተናግሬ አልነበረም እንዴ?»

«ተናግረዋል እማማ። በሕጋችን መሠረት ታፍኗል።»

«ይታፈን፣ ግድ የለኝም። እኔ እኮ ሌባውን ጠቆምኩ ብዬ ሽማግሌውን ነው ያስጠቃሁ። እንደገና ብናገር ታወጡልኛላችሁ?»

«እንደገናም ይታፈናል።»

ከጀርባቸው ሕፃን ያለቅሳል። «በግንባር ወጥቼ መናገር አልችልም» አሉኝ። «ወንዱ ልጄ የሚሠራው በሰብሳቢው ሥር ነው፤ እንጀራው ነው። ያን ቀን የደፈርኩት ፊቴ ስለማይታይ ነው። እናንተ ግን ሰምታችኋል። ሰምታችኋል አይደል?»

«ሰምተናል» አልኩ፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት አቅቶኝ።

«እንግዲያው ከኔ ጫንቃ ወርዷል» አሉና ዘጉት። የት እንደወረደ አልጠፋኝም።

ቅዳሜ ረፋድ የፕሮግራሙ ርዕስ የአዳራሹ ዕጣ ፈንታ ነበር። እንግዳው ወንድሜ ነው፤ ያንን የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሷል። ጋሽ መጋረጃም ፌስታሎቻቸውን ይዘው፣ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው መጥተው ኖሯል፤ ልናገር አሉ። ማር ምላስ ግን እሺ አላለም። «የታማ ሰው ከተወዳዳሪ ጎን አላስቀምጥም፤ ሚዛን አለብን። እንደ ማንኛውም አድማጭ ይደውሉ» አለ። ስለዚህ ሰውዬው ተቀባይዋ ዘንድ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከኔ የሚለያቸው አንድ ኮሪደር ነው።

ወንድሜ ንግግር ይችልበታል። «እኔ በማንም ላይ ጣት አልቀስርም» አለ። «ጋሽ መጋረጃ አባታችን ናቸው። ሰው ይሳሳታል። ክፍሏን በሰላም ይልቀቁ እንጂ ማንም በሕግ አይጠይቃቸውም።» መሐሪ ሆኖ ቁጭ አለ! ስልኩ ተግተለተለ። አንዱ «ምሕረትም በዝቶባቸዋል» አለ። ሌላዋ «እኛ ልጆቻችንን አምነን ነበር የምንልክላቸው» አለች። እኔ ሁሉንም አስገባለሁ፤ ስም አልጠሩም፣ አልተሳደቡም፣ የማፍንበት ምክንያት የለኝም። ከዚያ አግዳሚ በላይ ደግሞ የኛው ሬዲዮ ተሰቅሏል። ጋሽ መጋረጃ ሁሉንም እየሰሙ ነው።

ከዚያ የተቀባይዋ መስመር በራ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«አወቅኩዎት። ሬዲዮውን ያስቀንሱልኝ፣ ያስጮኸብናል።»

«እሺ፣ ለልጅቷ ልንገራት» አሉ በትሕትና፤ ሲነግሯትም ሰማሁ። አስገባኋቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነገር አላስረዝምም» ብለው ጀመሩና ስለ አዳራሹ፣ እዚያ ስላሳለፉት ዕድሜ ትንሽ አወሩ። ማር ምላስ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ሻዩ ሄደ። ወንድሜ አላወለቀም። «አሁን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «እኚያ ሴት የኔን ስም ሲጠሩ የሰማ ሰው የለም። እዚህ እንደነገሩኝ የሰማች አንዲት ልጅ ናት፤ መስታወቱ ጀርባ ያለችው። ማን እንደተባለ አልጠይቃትም፤ ሕግ አላችሁ። የኔ ስም ነው ወይስ አይደለም፣ እሱን ብቻ ትበልልኝ።»

ማፈኛዋን ተጫንኩ። ጨርሰው ዝም እስኪሉም አልለቀቅኋትም።

ይኼኛው ሕግ የለውም። ስድብ የለበት፣ ስም የለበት፤ ንጹሕ ልመና ነው ያፈንኩት። ሕዝቡ የሰማው «አሁን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው» የሚለውን፣ ከዚያ ረጅም ጢጢጥ ነው። ቀና ስል ወንድሜ በመስታወቱ ያየኛል። ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ያችኑ የትምህርት ቤት በር ላይ ንቅናቄ። ዕድሜዬን ሙሉ ስወዳት የኖርኩት ነገር ያን ጊዜ አንገሸገሸኝ።

ማር ምላስ እየተጣደፈ ማዳመጫውን አጠለቀ። «ምን ብለው ነው?»

«ሕጉን ታውቀዋለህ» አልኩት፣ ለሱ ጆሮ ብቻ በሚደርሰው ማይክራፎን።

«በቃ ተሳድበዋል ማለት ነው። አይ ሽምግልና! ዘፈን አስገቢልኝ እስቲ።»

ዘፈን አስገባሁ። ረጅሙን መረጥኩና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ጋሽ መጋረጃ የስልኩን እጀታ እንደያዙ ቆመዋል፤ ተቀባይዋ ፊቷን አዙራባቸዋለች።

«ልጄ፣ ምን ጥፋት ተናገርኩ?» አሉኝ። «ልጅቷ ታፈኑ አለችኝ። እንጃ፣ ሰው ሲከፋው አፉን አያውቀውም። ካሳፈርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለሰብሳቢያችንም ይቅርታ በይልኝ።»

«ምንም አላጠፉም» አልኳቸው። «ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ የጠሩት የርስዎን ስም አይደለም። የወንድሜን ነው፤ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ወንድሜ ነው መብራቶቹን የወሰደው።» ይኼን ተናግሬ እንባዬ መጣ። ሸክሜ የወረደ መሰለኝ። እንዲቆጡኝ፣ ቢያንስ «ወይኔ ልጄ» እንዲሉኝ ጠበቅሁ።

እሳቸው እጀታውን በቦታው ሰቀሉት። «የኔ አለመሆኑንማ እኔ አውቃለሁ እኮ» አሉኝ። «ለኔ ምን ይነገረኛል? ለነሱ ንገሪያቸው እንጂ።»

ስመለስ ዘፈኑ ሊያልቅ ነበር። ድምፅ የምሞክርባት ማይክራፎን አለችኝ፤ አየር ላይ ወጥታ አታውቅም። ዘፈኑን ቀነስኩና ከፈትኳት። «የድምፅ ባለሙያዋ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ያን ቀን ሴትዮዋ የጠሩት ስም የጋሽ መጋረጃ አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስም ነው። ሰብሳቢው ወንድሜ ነው። መብራቶቹን እሱ መውሰዱን ራሱ ነግሮኛል፤ አውቄም ዝም ብያለሁ።»

ወንድሜ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። አልተቆጣም፣ አላየኝም። ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሳና በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ላስቆመው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ምን ብዬ?

መስመሮቹ ሁሉ በሩ። ማር ምላስ ወደኔ እጁን ዘረጋ፤ አስገቢ ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን አስገባሁ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ የተረጋጋ ድምፅ አለው።

«ጥያቄዬ ለባለሙያዋ ነው» አለ። «ቅድም ሽማግሌው ሲናገሩ ያፈንሻቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተሳድበው ነበር?»

«አልተሳደቡም። ስሙ የኔ አይደለም በይልኝ ነው ያሉት።»

ከኮሪደሩ የጋሽ መጋረጃ ሳል ይሰማል።

«እሺ፣ እንዲያ ሲለምኑሽ አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ዘፈን አስገባሁ» አልኩት።